ገሳይ ዝም ያለችበት ገና

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ደብረ ታቦር ገበያ ውስጥ ሰላም ብሎኝ የሚያልፍ ሰው የለም፤ ሁሉም ሰላም ብሎኝ ይቆማል። «ዘንድሮስ የኮሌጁን የገና ጨዋታ ያሳዩን ይሆን?» ይለኛል። እኔ ምን አውቄ! መታወቂያዬን ካስረከብኩ ቆየሁ፤ ካሜራውንም ሌላ ሰው ተሸክሞታል። የአገሬ ሰው ግን የቴሌቪዥኑን በደል ሁሉ የሚያወራርደው ከእኔ ጋር ነው። ሽንኩርት ሻጯ እንኳ ሳትቀር «ገናችንን ቆርጣችሁ ስብሰባ ያሳያችሁን» እያለች ትወቅሰኛለች፤ ወቅሳኝ ስታበቃ ደግሞ ሁለት ራስ ትመርቅልኛለች።

እንግዲህ ካነሳችሁት አይቀር ላውራው።

ሥራ የጀመርኩት ካሴት በማመላለስ ነው፤ ከመኪና ወደ ቢሮ፣ ከቢሮ ወደ መኪና። ያኔ ሴት ልጅ ካሜራ ትሸከማለች ብሎ ያሰበ አልነበረም፤ እኔም አላሰብኩም። አንድ ቀን የካሜራ ባለሙያው የጋሽ ውብሸት ረዳት ወባ ጣለውና በእሱ ፈንታ ንፋስ መውጫ አብሬያቸው ሄድኩ። ከዚያ ወዲያ ሞት እስኪለየን አልተለያየንም። ደብረ ታቦር ላይ ቅርንጫፍ ሲከፈት ሁለታችንንም ወደዚሁ መደቡን። አለቃ ብዙ መጣ፣ ብዙ ሄደ። አንዱማ ካሜራው አቧራ እንዳይነካው ብሎ ከቢሮ እንዳይወጣ ከልክሎ ነበር፤ ታዲያ ግድግዳውን እንቅረጽ? ደመወዙንስ ባታነሱብኝ ይሻላል፤ ጫማ ከገዛሁበት ለካልሲ አይተርፍም ነበር።

ጋሽ ውብሸት ረጅም፣ ቀጭን፣ ወሬ የማያበዙ ሰው ነበሩ። ሠርግም ይሁን ለቅሶ፣ ካሜራ ከማንሳታቸው በፊት ሰዉን ዞረው ሰላም ይላሉ። «ሳታስፈቅጂ የሰው ፊት ከወሰድሽ ሌባ ነሽ» ይሉኝ ነበር። ሲቀርጹ ሁለቱም ዓይናቸው ክፍት ነው፤ በአንዱ በካሜራው ውስጥ ያያሉ፣ በሌላው ከካሜራው ውጭ የሚመጣውን ይጠብቃሉ። እኔ ይህን እስክለምድ ድረስ ስንት ጊዜ ራሴን አዙሮኝ አጥር ተደግፌያለሁ።

ሌላው ልማዳቸው የባትሪው ነው። የጉና ብርድ ባትሪ ይገድላል። ሞልታችሁት የወጣችሁት ባትሪ አመዳይ በጣለበት ጠዋት ገና ሥራ ሳትጀምሩ ይደክማል። ስለዚህ ጋሽ ውብሸት ባትሪዎቹን ጋቢያቸው ሥር ብብታቸው ውስጥ ታቅፈው ነበር የሚዞሩት። ምን ታቅፈው ነው ሲሏቸው «ጫጩት» ይላሉ። ሌላም ነበራቸው፤ ሥራው አለቀ ተብሎ ሁላችንም ገመድ ስንጠቀልል እሳቸው ካሜራውን አያጠፉም። ሰዉ ወደ ቤቱ ሲበታተን፣ ሽማግሌ ሲደገፍ፣ ልጅ እናቱን ሲፈልግ፣ ይህን ሁሉ ይቀርጻሉ። ኤዲተሮቹ ካሴት ያባክናሉ እያሉ ይማረሩባቸው ነበር። ሰሚ ግን አልነበረም።

የኮሌጁን ገና መጀመሪያ የቀረጽኩት ከእሳቸው ጋር ነው። ገና ጨዋታን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ለማያውቅ ግን፣ ሰፊ መስክ ላይ ሁለት ቡድን ጫፉ የተቆለመመ ዱላ ይዞ ይወጣል፤ ሩር የሚሏትን ከጠንካራ እንጨት የተጠረበች ድቡልቡል እየመታ ወደ ባላጋራው ድንበር ሊያሻግራት ይሮጣል። ወሬው ይኸው ነው። ሲያዩት ግን ሌላ ነው። በዕድሜዬ ብዙ ነገር ቀርጫለሁ፤ ሚኒስትር ቀርጫለሁ፣ ጎርፍ ቀርጫለሁ፣ ጣራ ገዳም ለንግሥ የወጣ ሕዝብ ቀርጫለሁ። እንደ ገና ያስደነቀኝ የለም። ያ ሁሉ ጎረምሳ አንድ ላይ ሲነሳ መሬቱ ከእግራችሁ ሥር ይሰማችኋል። ዱላ ከዱላ ሲጋጭ ሰው የተሰበረ ይመስላችኋል። ግን ማንም አይቆጣም፤ በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ይባል የለ! ቁርጭምጭሚቱ ያበጠ ልጅ እየሳቀ ሲያነክስ ሳይ እኔ ባለ ካሜራዋ አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

ያን ዕለት የቀረጽኩትን ካሴት ቢሮ ገብተን ብናየው ሣር ነው፣ ሰማይ ነው፣ የሰው ጉልበት ነው፣ እንደገና ሣር ነው። ሩሯ የለችም። አለቀስኩ ብል አላጋነንኩም። ጋሽ ውብሸት ግን አልሳቁብኝም። ሩሯን መከተል ተዪ፣ አትደርሺባትም አሉኝ። የተጫዋቾቹን ትከሻ እዪ፤ ትከሻቸው ከዱላቸው ቀድሞ ይናገራል፤ ትከሻው ወደዞረበት ካሜራሽን ቀድመሽ ውሰጂና ባዶውን መስክ ይዘሽ ጠብቂ፣ ትመጣልሻለች። ደግሞም ከእንግዶቹ ድንኳን አጠገብ አትቁሚ፤ ተዳፋቱ ላይ ፀሐይን ከጀርባሽ አድርገሽ ቁሚ። ይህን ለመማር ዓመታት ፈጀብኝ። አንድ ገና ላይ ባዶውን መስክ ይዤ ስጠብቅ ሩሯ ሰተት ብላ መሐል ለመሐል ገባችልኝ። ያን ጊዜ የተሰማኝን ዛሬም ሳስበው ክንዴን ይነዝረኛል።

ታዲያ ይህ ሁሉ ቀረጻ የት ይገባ ነበር? ከዜናው መጨረሻ፣ ከአየር ጠባዩ በፊት፣ እንደ ብልጭታ። የሚያሳዩትም ድንኳኑን ነው። የክብር እንግዶች ተቀምጠው፣ ውኃ ከፊታቸው ተደርድሮ፣ አንዱ ሲያጨበጭብ። ከዚያ አንድ ዱላ ሲነሳ ይታያል፤ ሳይወርድ ወደ አየር ጠባዩ ይታለፋል። የደብረ ታቦር ሰው በዚህ ይቃጠል ነበር። እስቲ አስቡት፤ ቪዲዮ ቤት ገብቶ የእንግሊዝን ኳስ ከነድግግሞሹ፣ ከነትንታኔው የሚያይ ሰው፣ ከአጥሩ ማዶ ያለውን የገዛ ልጁን ጨዋታ ማየት አልቻለም። ሜዳው ላይ መምጣት የሚችለው ይመጣል። ያልቻለውስ?

ከማይችሉት አንዱ አያ ደምሌ ነበሩ። በንፋስ መውጫ መንገድ ላይ ያለችው የገሳይ ከተማ ሰው ናቸው። በጉብዝናቸው ጊዜ ጋፋት መስክ ላይ የሚወጣላቸው አልነበረም ይባላል፤ እኔ በወሬ ነው የደረስኩባቸው። መጀመሪያ ያወቅኋቸውም በመልእክት ነው። ከገሳይ የሚመጣ ሰው ሁሉ ቢሮአችን ጎራ ብሎ «አያ ደምሌ ለባለ ካሜራዋ ንገሩልኝ ብለዋል፤ የእንግዶቹን ጫማ ሁሉ አወቅነው፣ ዘንድሮ ደግሞ ካልሲያቸውን ታሳየን» ይለኛል። መጀመሪያ ተናደድኩ። በኋላ ግን ለሥራ ወደ ንፋስ መውጫ ስናልፍ፣ እኚህን ምላሳም ሽማግሌ ማየት አለብኝ ብዬ ገሳይ ላይ ወረድኩ።

እግራቸው ከዳቸው እንጂ ሌላው ሁሉ ደህና ነው። መደብ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። ፊት ለፊታቸው ትልቅ ቴሌቪዥን አለ፤ ሴት ልጃቸው ማሬ ቤሩት ሠርታ ስትመለስ የገዛችላቸው ነው። ማሬ እንዲህ ብላ ነገረችኝ፤ ሰው ከዓረብ አገር ሲመለስ ለአባቱ ጋቢ ይገዛል፣ እኔ ግን ምን ላምጣልህ ስለው ገናን የሚያሳይ ነገር ብሎኝ ነው። ዲሹም ተተከለ፣ ቴሌቪዥኑም በራ፣ ገናው ግን የለም። ይባስ ብሎ ደግሞ የመጨረሻ ልጃቸው አበጀ ያን ዓመት ኮሌጁ ገብቶ ለቡድኑ ተመረጠ።

ለምን በመኪና አናመጣዎትም፣ ሜዳው ዳር ወንበር ይደረግልዎታል አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝና፣ ቆሜ የገባሁበትን መስክ በሰው ጀርባ አልገባም አሉኝ።  ከዚያ ይህን ጨመሩ፦

«እግሬን እግዜር ወሰደው፤ አላማረርኩም። ዓይኔን ግን ትቶልኛል። አንቺ እስቲ ንገሪኝ፣ ይህን ዓይኔን ምን ላድርገው?»

 ከዚያ ቀን ጀምሮ ዋናው ቢሮ ስብሰባ በተጠራሁ ቁጥር ነገሬ አንድ ሆነ። የኮሌጁን ገና በቀጥታ እናስተላልፍ። ወጪ አለው ይሉኛል። ተመልካች የለውም ይሉኛል። ተመልካች ሳያዩት ከየት ይምጣ? የኮሌጁ ተማሪዎችና የከተማው ደጋፊም አቤት ማለት አላቆሙም። በመጨረሻ፣ ጡረታዬ ሊደርስ ሲል፣ ከሁለት ፕሮግራም መካከል ጊዜ ተገኘና ተፈቀደልን። ስልክ ደውዬ ለአያ ደምሌ ስነግራቸው እስቲ ድገሚልኝ አሉኝ። ከዚያ ደህና ሁኚ እንኳ ሳይሉኝ ዘጉት። ማሬ በኋላ እንደነገረችኝ፣ ስልኩን አስቀምጠው ንጹሕ ሸሚዝ አምጪልኝ አሏት፤ ገናው ግን ገና ሳምንታት ይቀሩት ነበር።

የገና ዕለት የቀጥታ ሥርጭት መኪናው መጣ። ባላጋራችን ከፎገራ በኩል የመጣ ኮሌጅ ነበር። ባትሪዎቹን ብብቴ ሥር ታቅፌ፣ ተዳፋቱ ላይ ፀሐይን ከጀርባዬ አድርጌ ቆምኩ። ጋሽ ውብሸት ከሞቱ ቆይተዋል፤ ያን ዕለት ግን በጣም ፈለግኋቸው። ጆሮዬ ላይ ባለው ማዳመጫ የዋናው ቢሮ ሰው ጀምሩ አለኝ። ጀመርን።

አሁን ስሕተታችንን ስሙ። ጊዜ ስንከፋፍል ለጨዋታው ይህን ያህል፣ ለእረፍቱ ይህን ያህል፣ ለዋንጫው ይህን ያህል ብለን ነበር። ምርቃቱን ያሰበ አንድ ሰው አልነበረም። ሁላችንም የደጋ ልጆች! ካለ ምርቃት ሩር መሬት እንደማትነካ እናታችን ጡት ላይ ሆነን እናውቃለን። ወረቀት ላይ ስንጽፈው ግን የቴሌቪዥን ሰው ሆንንና ጠፋን። መሪጌታው መሐል ሜዳ ገብተው እጃቸውን ዘረጉ። ከብቱን መረቁ፣ ገብሱን መረቁ። ዝናቡን በልኩ አሉ። ለተማሪው ፈተናውን አቅልልለት፣ ያላገቡትን አገናኝ፣ የተጣሉትን አስታርቅ አሉ። በዓረብ አገር ያሉ ልጆቻችንን በሰላም መልስልን ሲሉ ሕዝቡ ያሰማው አሜን ማዳመጫዬን አልፎ ገባ።

የዋናው ቢሮ ሰው ጆሮዬ ውስጥ ተቁነጠነጠ። ሰውየው ያሳጥሩልን አለኝ። ምርቃት ላስቆም? እንድረገም? እርስዎ ይምጡና ያስቁሙ አልኩት፤ እሱም የደጋ ሰው ነውና ነገሩን ተወው።

ጨዋታው ተጀመረ፤ ምን ዓይነት ጨዋታ! ሩሯ ከጫፍ እስከ ጫፍ እየበረረች፣ ሕዝቡ ወዲያና ወዲህ እየተመመ፣ የአበጀ እግር ሲሮጥ ሣሩን የሚነካው አይመስልም ነበር። ገሳይ ላይ አያ ደምሌ እያዩ ነው እያልኩ አስባለሁ፤ እያሰብኩ ልጁን በካሜራዬ አልለቀውም። ዳኛው የማብቂያውን ፊሽካ ሲነፋ እኩል ወጡ። እኛ አገር እኩል ከወጡ ሰዓት አይያዝም፤ መጀመሪያ ያሻገረ ያሸንፋል፣ አለቀ። ሩሯ እንደገና መሐል ተጣለች። በዚያች ቅጽበት ጆሮዬ ውስጥ ያ ድምፅ «እናመሰግናለን፣ ወጥተናል» አለኝ።

ወጥተናል ማለት ተቋርጧል ማለት ነው። በየቤቱ ያለው ቴሌቪዥን አዳራሽ ውስጥ የተደረደሩ ሰዎችን ማሳየት ጀመረ። ትንሽ ጊዜ ስጡን ብዬ ደጋግሜ ለመንኩ፤ ሰሚ አልነበረም፤ ሰዓቱ የሌላ ፕሮግራም ሆኗል። ቪዲዮ ቤት የነበረው ሰው ተነቅሎ ወደ ሜዳው ሮጠ። መሮጥ የማይችለው ቀረ። እኔ እንባዬ እየወረደ ካሜራውን አላጠፋሁም፤ እጄ በጋሽ ውብሸት ልማድ ነው የሠለጠነው፤ የመጨረሻው ሰው ከሜዳው እስኪወጣ ቀረጽኩ። ማን እንዳሸነፈ አሁን አልነግራችሁም። አያ ደምሌ ሳያውቁ እናንተ ለምን ታውቃላችሁ?

በማግስቱ ደጋፊው ዱላውን ይዞ ቢሮአችን በር ላይ ተሰለፈ። ጥበቃው ሊደበድቡን ነው ብሎ ደነገጠ። እነሱ ግን የመጡት ሊዘፍኑብን ነበር። በገና ያሸነፈ በተሸነፈው ላይ እየዘፈነ ይሳደባል፤ ወጉ ነው። እኛን እንደ ተሸነፈ ቡድን ቆጥረው አወረዱብን፦

ካሜራው ጎበዝ ነው፣ ድንኳን ይወዳል፤
ሩር ስትመጣበት ዓይኑን ይጨፍናል።

ሥራ አስኪያጁ ሊቆጣ ወጣ፤ ሽማግሌዎቹ በገና አይቆጡም አሉት፤ ተመልሶ ገባ። እኔ ግን መስኮት ሥር ቁጭ ብዬ ተቀበልኩት። ይገባናል።

ከሕዝቡ ኋላ ማሬ ቆማ አየኋት። እሷም ልትሰድበኝ መጣች ብዬ ራሴን አዘጋጀሁ። አልሰደበችኝም። አጠገቤ መጥታ በለሆሳስ ጠየቀችኝ።

«እትዬ፣ ቀርጸሽዋል?»

«እስከ መጨረሻው።»

እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ተነፈሰች። ነገሩ እንዲህ ነበር። ሥርጭቱ ሲቋረጥ አያ ደምሌ ለረጅም ጊዜ ያን አዳራሽ አዩ። ከዚያ ቴሌቪዥኑን ዝጉልኝ አሉ፤ ጎረቤቱ ሁሉ ቤታቸው ታጭቆ ነበርና ለሁሉም ተናገሩ። ማን እንዳሸነፈ ማንም እንዳይነግረኝ። አይቼ ነው የማውቀው። ያቺ ባለ ካሜራዋ ቀርጻው ይሆናል፤ ካልቀረጸችውም ሳላውቀው ልሙት አሉ። ያን ዕለት የሰማቸው ለጎረቤቱ ነገረ፤ ጎረቤቱም ለገበያው። እና ገሳይ አፏን ዘጋች።

አላመንኩም። ገሳይ የመንገድ ዳር ከተማ ናት፤ ወሬ አውቶብስ ላይ ተጭኖ ነው የሚመጣላት። ፊልሙን ከዋናው ቢሮ ማስፈቀድ ስላለብኝ ጊዜ እንደሚወስድ ልነግራቸው በማግስቱ ሄድኩ። አውቶብሱ ገና እንደቆመ ከእኔ ጋር የነበረ አንድ ጎረምሳ ስለ ጨዋታው ጮክ ብሎ ሊያወራ አፉን ከፈተ፤ ዳቦ ሻጯ በአንድ እጇ ዳቦ አፉ ውስጥ ወተፈችበት፣ በሌላው የአያ ደምሌን ቤት አሳየችው። ዳቦውን እያኘከ በእግር ጣቱ አለፈ። ከቤቱ ጀርባ ልጆች ገና ይጫወታሉ፤ ዱላው ይጋጫል፣ ሩሯ ትበራለች፣ ግን ማንም አይዘፍንም። እንዲህ ያለ ገና አይቼ አላውቅም። 

ቤት ስገባ አበጀ አባቱ እግር ሥር ተቀምጧል። ለበዓሉ ወደ ቤቱ ሲመጣ መንገድ ላይ ነው የነገሩት። ያሸነፈ ይሁን የተሸነፈ ከፊቱ እንዳይነበብ ልጁ ፊቱን ድንጋይ አድርጎታል። ለአባቱ ውኃ ያቀርባል፣ ያስታጥባቸዋል፣ ስለ ከብቱ ያወራል። ስለ ጨዋታው አንዲት ቃል የለም። ሃያ ዓመት ያልሞላው ጎረምሳ! የንስሐ አባታቸው እንኳ ጠበል ሊረጩ መጥተው፣ እንኳን አደረሳችሁ ብለው ሊቀጥሉ ሲሉ ምላሳቸውን ነክሰው መስቀላቸውን አሳልመው ወጡ አሉኝ።

ፈቃድ ጠብቁ ስላቸው አያ ደምሌ አልተቆጡም። «ሰዉ ሁሉ እንደሚያውቅ አውቃለሁ» አሉኝ። «በሰላምታቸው ውስጥ ነገሩ ሲያሳክካቸው አያለሁ። እኔን ብለው ነው፤ እግዜር ይስጣቸው።» እሳቸው ይህን ሲሉ ማሬ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ስለ ፈቃዱ ብዙ አላወራም። ደብዳቤ ጻፍኩ፤ ለማን እንደሚመራ የሚያውቅ ጠፋ፤ ሌላ ጻፍኩ። ጥምቀት መጣ፣ ታቦቱ ወረደ፣ ታቦቱ ገባ። ገሳይ አሁንም ዝም እንዳለች ናት። እኔ በየቀኑ ማሬ ጋ እየደወልኩ «ሰምተዋል?» እላታለሁ፤ እሷም «አልሰሙም» ትለኛለች፤ ሁለታችንም ተንፈስ እንላለን። ፈቃዱ የደረሰኝ ከጥምቀት በኋላ ነው። ቅጂውን በፍላሽ ይዤ በእሑዱ ገሳይ ሄድኩ።

ሰዉ ከቅዳሴ ወጥቶ በቀጥታ ወደ አያ ደምሌ ቤት መጣ። ብርሃኑ ቴሌቪዥኑ ላይ እንዳያርፍ መስኮቱን በጋቢ ጋረድነው። ቤቱ ሞላ፣ ደጁ ሞላ፣ ያልደረሰው መንገድ ዳር ቆመ። ሽማግሌው ያን ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰዋል። ፍላሹን ሰካሁትና ከጀርባ ቆምኩ።

ምርቃቱ ሲመጣ ልዝለለው ብዬ ጠየቅኋቸው፤ ምን በወጣው፣ እንዳለ ይታይ አሉኝ። በየምርቃቱ አሜን አሉ፣ ቤቱም አሜን አለ። ከዚያ ጨዋታው። ያኔ ነው የገባኝ፤ ቴሌቪዥኑን የሚያየው አንድ ሰው ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ የሚያየው የአያ ደምሌን ፊት ነው። ውጤቱን የሚያውቅ ሕዝብ፣ እሳቸው ሲፈሩ አብሮ ይፈራል፣ እሳቸው ትከሻቸውን ሲያዞሩ አብሮ ይዞራል። እኔ ስንት ሺሕ ሕዝብ ቀርጫለሁ፤ እንዲህ ያለ ሕዝብ ግን አላየሁም።

ፊሽካው ተነፋ፣ እኩል ወጡ፣ ሩሯ መሐል ተጣለች። «እዚህ ላይ ነው የቆረጣችሁት» አሉኝ ሳይዞሩ። አዎ አልኳቸው። 

የፎገራዎቹ ልጅ ሩሯን አገኛትና ወደ ድንበራችን ላካት። አንዱ መለሳት። እንደገና መጣች፣ እንደገና ተመለሰች። አበጀ ብቻውን በዳር በኩል ሲሮጥ ይታያል። እኔ ያን ዕለት ትከሻውን አይቼ ካሜራዬን ቀድሜ ባዶው መስክ ላይ ወስጄው ነበር፤ እንባ ዓይኔን ሞልቶት በደመ ነፍስ ነው የወሰድኩት። ቴሌቪዥኑ ላይ ባዶ መስክ ብቻ ታየ። አያ ደምሌ መደቡን ጨበጡ። ሩሯ ከሰማይ ወረደች፣ አበጀ ከዳር ገባ፣ መሬት ሳትነካ መታት። ከሁሉም ራስ በላይ አልፋ ድንበሩን ተሻገረች። የኮሌጃችን ልጆች ሲወድቁበት፣ ሲያነሱት፣ ሜዳው ሲጥለቀለቅ ታየ።

አያ ደምሌ አልጮኹም። የገዛ ልጃቸው በየአፉ የተዘፈነለትን ድል ይዞ እግራቸው ሥር ስንት ቀን እንደተቀመጠ ያኔ የገባቸው መሰለኝ። እጃቸውን ራሱ ላይ ጫኑ።

«ይህን ሁሉ ቀን በሆድህ ይዘህ ነው ውኃ የምታቀርብልኝ?»

«አዎ አባዬ።»

«በል እንግዲያ ዝፈነዋ።»

አበጀ ተነሳ። ሊዘፍን አፉን ከፈተ። ያ እንደ ድንጋይ የቆየ ፊት ተሰባበረና አለቀሰ። ዘፈኑን ያነሳችለት ማሬ ናት። ቤቱ ተቀበላት፣ ደጁ ተቀበለ፣ መንገድ ዳር የቆመው ተቀበለ፤ ዳቦ ሻጯ፣ ልጆቹ፣ ገበያው ሁሉ። ጥምቀት ካለፈ በኋላ ገና ሲዘፈን የሰማ አለ? የንስሐ አባታቸው በር ላይ ቆመው፣ ለእነዚህስ እግዜር ይቅር ይላቸዋል ብለው እሳቸውም በዘንጋቸው መሬቱን እየመቱ ተቀበሉ። አያ ደምሌ ከመደቡ ላይ ሆነው በሁለት እጃቸው የሌለ ዱላ ይዘው ይወዛወዛሉ።

ካሜራ አልያዝኩም ነበር። ዕድሜ ልኬን ስሸከም ኖሬ ያን ዕለት እጄ ባዶ ነው። አጨበጨብኩ።